ዕቃ ብቻውን አይመሰክርም

ሰው በዓይኑ ያየውን በአፉ ይመሰክራል፤ ዕቃ ግን አፍ የለውም። ታዲያ አንድ ኳስ ወይም አንድ ጫማ «ክብረ ወሰን የተሰበረበት ይህ ነው» ሲባል እውነትነቱ በምን ይታወቃል? ስፖርት የሚወድ ተማሪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ስለ መሰለኝ በዚህ መጽሔት ላይ በአጭሩ ላስረዳ ወደድሁ።

በመጀመሪያ የዕቃው መልክ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን መረዳት ያስፈልጋል። ምሳሌውም ከሐረር ሩቅ አይደለም። አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረውን ጠገራ ብር በሸዋ በር ገበያም ሆነ በጀጎል ውስጥ አግኝቶ ያገላበጠ ሰው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት ያነብበታል። ይህ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት ነው። ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያንኑ ቁጥር እንደ ያዘ ሲቀረጽ ኖሯል። እንግዲህ የተጻፈበት ዕቃ እንኳ የተሠራበትን ዘመን ካልነገረን፣ ምንም ያልተጻፈበት ኳስ እንዴት ይታመናል?

ይህ ችግር ጎልቶ የታየው ቤዝቦል በሚባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። በዱላ የተመታው ኳስ ሜዳውን አልፎ በተመልካቾች መካከል ሲወድቅ «ሆም ራን» ይባላል፤ ኳሱንም ያነሣው ተመልካች ለራሱ ያስቀረዋል። የታላቅ ተጫዋች ኳስ ዋጋው ብዙ ስለሆነ፣ አንድ አታላይ ሌላ ኳስ አምጥቶ «ያ ኳስ ይህ ነው» ቢል ማን ይለየዋል? ስለዚህ የትልቁ ሊግ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አንድ ሥርዓት አቆሙ። በየጨዋታው መስካሪ በሜዳው ይገኛል፤ ከመስካሪዎቹም ብዙዎቹ በፖሊስነት የሚሠሩ ወይም የሠሩ ናቸው። መስካሪው ዕቃውን ከጨዋታው ሲወጣ ካየ፣ ቁጥር ያለበት የሚያብረቀርቅ ምልክት ይለጥፍበታል፤ ቁጥሩም በመዝገብ ይገባል። ያላየውን ግን አያጸድቅም። አሮን ጀጅ የተባለው ተጫዋች በመስከረም 2015 ዓ.ም. 62ኛው ሆም ራን ሲጠበቅበት፣ የሚወረወሩለት ኳሶች አስቀድሞ ምልክት ተደርጎባቸው ነበር። ያ ኳስ በዚያው ዓመት 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ለቆዳውና ለክሩ ሳይሆን ለምስክርነቱ የተከፈለ ነው።

የእኛ አገር ስመ ጥር ስፖርት ሩጫ ስለሆነ ጥያቄው ከኳስ ወደ ጫማ ይዞራል። በጎዳና ሩጫ የጫማው ሶል ውፍረት ከ40 ሚሊሜትር እንዳያልፍ የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ያዛል። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደራራ ሁሪሳ በቪየና ማራቶን አንደኛ ሆኖ ገባ። ነገር ግን ጫማው ሲመረመር ሶሉ 50 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ በቅጹ ላይ የተመዘገበውም ሌላ ጫማ ነበር። ድሉ ተሰርዞ ለኬንያዊው ለሌናርድ ላንጋት ተሰጠ። የ42 ኪሎ ሜትር ድካም በ1 ሳንቲ ሜትር ምክንያት ከንቱ ቀረ። ይኸውም በወረቀቱ የተጻፈውና በእግሩ የተጫማው ባለመስማማታቸው ነው። ትዕግሥት አሰፋ ግን መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ጫማዋ እጅግ ቀላል ቢሆንም ከደንቡ አላለፈም፤ ውጤቷም ጸደቀላት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአበበ ቢቂላ ነገር ነው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በቶክዮ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲያሸንፍ ግን ጫማ አድርጎ ነበር። እንግዲህ «አበበ በሮማ ያሸነፈበት ጫማ» የሚል ሻጭ ቢመጣ ሐሰተኛነቱ ወዲያው ይታወቃል። ከሮማ ጫማ ባይተርፍም ድሉን የሚጠራጠር የለም፤ ዳኞቹ፣ ሰዓቱና ፊልሙ በዚያች ሌሊት በቦታው ነበሩና።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህ ለእኛም ይሠራል። በትምህርት ቤታችን ውድድር አዲስ ውጤት ሲመዘገብ፣ የደረቱን ቁጥር ወይም ኳሱን ወስደን ዕለቱን፣ ቦታውንና ውጤቱን እንጻፍ፤ ያዩ ሁለት ሰዎችም እዚያው ይፈርሙ። ወጪው ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዱ ነገ ለአገሩ ሲሮጥ፣ የመጀመሪያው ድሉ በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይነገርለታል።