አራት ዙር፣ ሰከንድ ሳይሞላ

ፊገር ስኬቲንግን በቴሌቪዥን ስናይ ቀድሞ ዓይናችንን የሚስበው ሙዚቃውና የሚያብረቀርቀው ልብስ ነው። የስፖርቱ ከባድ ፈተና ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተጀምሮ ያልቃል። ግማሽ ሜትር ወደ ላይ የዘለለ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አየር ላይ የሚቆየው 0.64 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የመሬት ስበት ለሻምፒዮን አያዳላም። በዓለም ደረጃ የሚወዳደር ወንድ ዛሬ በዚያች ቅጽበት አራት ጊዜ ተሽከርክሮ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ በአንድ እግሩ ማረፍ ይጠበቅበታል።

ሦስት ዙር የሚዞረውን አራት ከሚዞረው የሚለየው በዋናነት የዝላዩ ከፍታ አይደለም፤ የመሽከርከሩ ፍጥነት ነው። ዘላዩ እግሩ በረዶውን ከለቀቀ በኋላ ተጨማሪ የሚያሽከረክረው ኃይል ከየትም አያገኝም። ይዞት የተነሳውን፣ የፊዚክስ ሰዎች አንጉላር ሞመንተም የሚሉትን፣ በቁጠባ መጠቀም ብቻ ነው ያለው ምርጫ። ለዚህም እጆቹን ደረቱ ላይ ይሰበስባል፣ እግሮቹን ያቆላልፋል። ክብደቱ ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፈትል ያልተጠቀለለበት እንዝርት በቀላሉ እንደሚሾረው። ጎበዞቹ በደቂቃ ከ300 ዙር የሚበልጥ ፍጥነት ላይ ይደርሳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን እጆቹ ወዲያው ከተሰበሰቡ ነው። የሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ የዘገየ ሰው ዙሩ ሳይሞላለት በረዶው ይቀበለዋል።

አሜሪካዊው ስኬተር ኔታን ቼን ከዚህ ደረጃ እንዴት እንደደረሰ ማየት ብዙ ያስተምራል። የተወለደው በ1999 እ.ኤ.አ. በሶልት ሌክ ሲቲ፣ ከቻይና ከመጡ ወላጆች ነው፤ ከአምስት ልጆች የመጨረሻው። ከተማዋ የ2002ን የክረምት ኦሊምፒክ ስታስተናግድ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረዶ ጫማ ያደረገውም በዚያው ዓመት ነው።

ጀማሪ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ዝላይ አይደለም፤ መውደቅና መነሳት፣ ከዚያም ጠርዝ ነው። የጫማው ብረት አራት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ግርጌው ከፊት እስከ ኋላ ስለተቦረቦረ ግራና ቀኝ ሁለት ስለታም ጠርዞች ይፈጠራሉ፤ ከፊት ደግሞ በረዶውን ለመውጋት የሚያገለግሉ ጥርሶች አሉት። ልጁ ወደ ውስጠኛው ሲያዘነብል በአንድ በኩል፣ ወደ ውጭኛው ሲያዘነብል በሌላ በኩል ይጠመዘዛል። ዝላዮቹም አንዱ ከሌላው የሚለዩት በየትኛው ጠርዝ እንደተነሱና ጥርሱን እንደተጠቀሙ ወይም እንዳልተጠቀሙ ነው። ቁርጭምጭሚት ይህን እስኪለምድ ዓመታት ይሄዳሉ።

አእምሮም የራሱ ትምህርት አለው። በጆሯችን ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች የጭንቅላትን መዞር ይከታተላሉ። ሽክርክሪቱ ሲቆም ፈሳሹ ወዲያው ስለማይቆም ዓለም የምትዞር ይመስለናል። የስኬተሩም ፈሳሽ አይቆምም። ልዩነቱ፣ በዓመታት ልምምድ አእምሮው ያን የተሳሳተ መልእክት ችላ ማለትን መልመዱ ነው። ስለዚህ ነው በልጅነት መጀመር የሚጠቅመው።

ቼን ከስኬቲንጉ ጎን ባሌትና ጂምናስቲክ ተማረ። በ10 ዓመቱ በጀማሪዎች ምድብ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ከአሠልጣኙ ራፋኤል አሩቱንያን ጋር እንዲሠራ እናቱ ሄቲ ዋንግ ከዩታ እስከ ካሊፎርኒያ መኪና እየነዳች ታመላልሰው ነበር። ከሜዳሊያው ጀርባ ያለውን ይህን የወላጅ ድካም በቀላሉ ማለፍ አልችልም።

ጉርምስና ሲመጣ ግን አካል የተማረውን ያፈርሳል። ትከሻ ሲሰፋ፣ እግር ሲረዝም፣ ትናንት በቀላሉ ይዞር የነበረ ሰውነት ዛሬ ይከብዳል። አእምሮ የለመደው የትናንቱን ቁመት ነው። የአጥንት ማደጊያ ቦታዎች ገና ለጋ ናቸው፤ ጠንካራ ጡንቻ ሲስባቸው ሊላቀቁ ይችላሉ። ከዝላይ ሲታረፍ ደግሞ እግር ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት አምስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ያም በልምምድ በየቀኑ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ቼን በጥር 2016 በ16 ዓመቱ በአሜሪካ ሻምፒዮና ሦስተኛ ከወጣ በኋላ፣ በማጠቃለያው ትርኢት ላይ ሲዘል ዳሌው ተጎዳና ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። በዓመቱ ተመልሶ በአንድ ትርኢት አምስት ባለ አራት ዙር ዝላዮችን ሠርቶ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ።

በ2018 በፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ከውድድሩ ሁለት ክፍሎች በመጀመሪያው፣ በአጭሩ ትርኢት፣ ደጋግሞ ተሳስቶ 17ኛ ወጣ። በረጅሙ ስድስት ባለ አራት ዙር ሞክሮ የዕለቱን ከፍተኛ ነጥብ ቢያገኝም በድምሩ ከ5ኛ አላለፈም። ከዚያ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስታቲስቲክስ እያጠና መወዳደሩን ቀጠለ፣ የዓለም ሻምፒዮናንም አሸነፈ። በ2022 በቤጂንግ በአጭሩ ትርኢት 113.97 ነጥብ አግኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በድምሩ 332.60 ወርቁን ወሰደ። ዕድሜው 22 ነበር።

በሴቶቹ በኩል መንገዱ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነበር። ያልዳበረ ትንሽ ሰውነት በፍጥነት ስለሚሽከረከር፣ አሠልጣኞች የ15 ዓመት ልጆችን ጫፍ ላይ ማድረስን ለመዱ። ብዙዎቹም ሰውነታቸው ሲያድግ ከመድረኩ ጠፉ። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት በሰኔ 2022 ባደረገው ጉባኤ የአዋቂዎች ውድድር ዝቅተኛ ዕድሜ ደረጃ በደረጃ ከ15 ወደ 17 ከፍ እንዲል ወሰነ። በእኔ እምነት ውሳኔው ዘገየ እንጂ ትክክል ነው። ለጋ አጥንት የሜዳሊያ መያዣ መሆን የለበትም።

እኛ አገር በረዶ የለም፤ የሚያድግ አጥንት ግን አለ። ልጃችሁ ሩጫም ይሁን እግር ኳስ የሚለማመድ ከሆነ፣ በፍጥነት በሚረዝምበት ዓመት የሚችለው ነገር ቢያቅተው ሰነፈ አትበሉት። ዳሌውን፣ ጉልበቱን ወይም ተረከዙን ደጋግሞ ካመመው ልምምዱን ቀንሱለትና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።