በችግር ጊዜ የአውቶሞቢል ምርመራን ስለ ማዘግየት

አውቶሞቢሎች ለመንገድ ብቁ መሆናቸውን በየጊዜው መመርመር ብዙ አገሮች የተቀበሉት ሥርዓት ነው። በአገራችንም ምርመራውን ያለፈ ተሽከርካሪ ቦሎ ይለጥፋል። ነገር ግን ወረርሽኝ ወይም ሌላ ድንገተኛ ችግር ምርመራውን ቢያግደው መንግሥት ምን ማድረግ ይገባዋል? ብሪታንያ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያሳለፈችው ልምድ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ማስረጃ ይሰጣል።

በእንግሊዝ፤ በስኮትላንድና በዌልስ የግዴታ ምርመራ የተጀመረው በ1960 ነው። ዛሬ አንድ የቤት አውቶሞቢል 3 ዓመት ሲሞላው፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ይመረመራል። የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፤ የምርመራ ቀናቸው ከማርች 30 ቀን 2020 ጀምሮ ለሚደርስ የቤት አውቶሞቢሎች፤ ሞተር ብስክሌቶችና ቀላል የጭነት መኪናዎች የ6 ወር ጊዜ ተጨመረላቸው። ለከባድ የጭነት መኪናዎችና ለአውቶቡሶች ግን በመጀመሪያ የተሰጠው 3 ወር ብቻ ነበር። ከኦገስት 1 ቀን 2020 ጀምሮ የአውቶሞቢሎች ምርመራ እንደገና ግዴታ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የዘገየው ምርመራው ነው እንጂ የባለንብረቱ ግዴታ አይደለም። ፍሬኑ የተበላሸ ወይም ጎማው ያለቀ መኪና የነዳ ሰው እስከ 2,500 ፓውንድ መቀጮ ሊከፍል ይችል ነበር። ጋራዦችም ለአስፈላጊ ጥገና ክፍት እንዲሆኑ ተፈቅዶ ነበር፤ ስለዚህ መኪናውን ሳያሠራ የቀረ ሰው በቀላሉ ማመካኛ አያገኝም።

በሰሜን አየርላንድ የተፈጸመው ደግሞ ሌላ ችግር ያሳያል። በዚያ አገር የሚመረምረው መንግሥት ራሱ ነው። ወረርሽኙ ገና ሳይደርስ፤ በጃንዋሪ 2020፤ ከ55 የመኪና ማንሻ መሣሪያዎች በ48ቱ ላይ የመሰንጠቅ ምልክት በመታየቱ የአውቶሞቢል ምርመራ ተቋረጠ። ለብዙዎቹ መኪናዎች የ4 ወር ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጠ። ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመረመሩት የ4 ዓመት መኪናዎችና ታክሲዎች ይህን ፈቃድ ለማግኘት አልቻሉም። አዲሶቹ ቀድሞ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ስላልነበራቸው የሚራዘምላቸው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ለምርመራ ቅድሚያ እንዲያገኙ ተደረገ።

ከነዚህ ሁለት ልምዶች የምናገኛቸው ትምህርቶች ሦስት ናቸው።

1ኛ. ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው ተወስኖ መነገር አለበት።

2ኛ. ብዙ ሰው የሚጭኑና ረጅም መንገድ የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች ከቤት መኪና ያነሰ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

3ኛ. የዘገየ ሥራ ተመልሶ እንደሚመጣ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በኤፕሪል መመርመር የነበረበት መኪና 6 ወር ሲጨመርለት ተራው ከኦክቶበሮቹ ጋር ይሆናል፤ ጋራዡም የሁለት ወር ሥራ በአንድ ወር ይጠብቀዋል።

ሕጉን የሚያወጣ ሰው እነዚህን ሦስት ነገሮች ካላሰበባቸው፤ ሕዝቡን ከአንድ አደጋ ለማዳን ሲል ለሌላ አደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። ፍሬን በችግር ጊዜም እንደ ወትሮው ያልቃልና።