የውስጠኛ ጆሮ ማክሮፌጆች

የውስጠኛ ጆሮ ማክሮፌጆች በሰውና በሌሎች አጥቢ እንስሳት ውስጠኛ ጆሮ ውስጥ ሰፍረው የሚኖሩ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ናቸው። ማክሮፌጅ ከነጭ የደም ሴሎች ወገን የሚመደብ ሲሆን ስሙ በግሪክኛ «ትልቅ በሊታ» ማለት ነው። ጀርሞችን፣ የሞቱ ሴሎችንና ፍርስራሻቸውን እየዋጠ ያጠፋል። ሰውን፣ ዝንጀሮንና ጦጣን በሚያጠቃልለው የፕራይሜቶች ወገን እነዚህ ሴሎች ወደ ውስጠኛ ጆሮ የሚገቡት ገና ፅንሱ በማኅፀን ሳለ ነው። በጎንደርና በአካባቢው ካላ-አዛርን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ማጅራት ገትርን ለማከም በሚደረገው ጥረት የመስማት ችሎታን መጠበቅ አንዱ ጉዳይ ስለሆነ፣ የእነዚህን ሴሎች ሥራና የአቅማቸውን ወሰን ማወቅ ይጠቅማል።

የውስጠኛ ጆሮ አሠራር

ውስጠኛ ጆሮ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ በጠንካራ አጥንት ተከቦ የሚገኝ ሲሆን ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ነው። ሁለተኛው ኮክሊያ ይባላል፤ ቅርጹ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይመስላል፣ በሰው ላይም ሁለት ተኩል ያህል ጊዜ ይጠመዘዛል። በኮክሊያ ውስጥ ፀጉራም ሴሎች የሚባሉ ድምፅ ተቀባዮች በረድፍ ተሰድረዋል። በአንድ ጆሮ ውስጥ ወደ 3,500 የሚጠጉ የውስጥ ፀጉራም ሴሎችና ወደ 12,000 የሚጠጉ የውጭ ፀጉራም ሴሎች ይገኛሉ። ድምፅ በኮክሊያው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ሲያንቀሳቅስ በሴሎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይዘማሉ፤ ይህም ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ተለውጦ በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል።

የግኝቱ ታሪክ

ማክሮፌጅ ጀርም እንደሚውጥ ያስተዋለው ሩስያዊው ኢልያ ሜችኒኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ፣ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ወግቶ ተንቀሳቃሽ ሴሎች ወደ ቁስሉ ሲሰበሰቡ ተመለከተ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1908 ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ውስጠኛ ጆሮ ግን ለረጅም ጊዜ የመከላከያ ሴሎች የማይደርሱበት የተዘጋ ቦታ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ምክንያቱም በደም ሥሮቹና በፈሳሹ መካከል ብዙ ነገሮችን የማያሳልፍ አጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት በከፍተኛ ጩኸት በተጎዳ የአይጥ ኮክሊያ ውስጥ ማክሮፌጆች ከደም እየገቡ እንደሚበዙ አሳየ። ከዚህና ከሌሎች ጥናቶች በኋላ ጤናማ ጆሮም የራሱ ነዋሪ ማክሮፌጆች እንዳሉት ተቀባይነት አገኘ።

በፅንስ ጊዜ አመጣጣቸው

አዋቂ ሰው የደም ሴሎቹን የሚያመርተው በአጥንት መቅኔ ነው። በፅንስ መጀመሪያ ላይ ግን መቅኔው ገና ሥራ ስለማይጀምር የመጀመሪያዎቹ ማክሮፌጆች ከፅንሱ ጋር ከተያያዘው የአስኳል ከረጢት ይወጣሉ። ቀጥሎ የፅንሱ ጉበት ተራውን ይረከባል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጃፓን ተመራማሪዎች የታተመ የአይጥ ጥናት የኮክሊያ ማክሮፌጆች ከሁለቱም ምንጮች እንደሚመጡ አሳይቷል።

በሰው ፅንስ ኮክሊያ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ማክሮፌጆች ከእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ጀምሮ በቦታው እንደሚገኙ አረጋግጠዋል። ተመራማሪዎች ሴሎቹን የሚለዩት በላያቸው ወይም በውስጣቸው በሚገኙ ፕሮቲኖች ነው። የተለመደው ምልክት አይባ-1 የተባለው ፕሮቲን ነው።

አይጥና ፕራይሜት የሚለያዩበት

አብዛኛው የጆሮ ጥናት የሚካሄደው በአይጥ ነው። ሆኖም የአይጥ ግልገል ዓይኑም ጆሮውም ተዘግቶ ይወለዳል፤ መስማት የሚጀምረውም ከተወለደ 12 ቀን ገደማ በኋላ ነው። በሰው ላይ ግን የኮክሊያ ዋና ዋና ክፍሎች የሚጠናቀቁት በእርግዝናው አጋማሽ ሲሆን ፅንሱ በማኅፀን ሳለ ለድምፅ ምላሽ መስጠት ይጀምራል። ስለዚህ በአይጥ ከውልደት በኋላ የሚታየው ለውጥ በሰው ላይ የሚከናወነው በእናት ማኅፀን ውስጥ ነው።

ለዚህ ልዩነት ማሳያ የሚሆን ሌላ ፕራይሜት በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይኖራል። የጭላዳ እናት ለስድስት ወር ገደማ አርግዛ የምትወልደው ግልገል እንደ አይጥ ግልገል ዓይኑ ተዘግቶ አይወለድም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእናቱን ደረት ጨብጦ ከመንጋው ጋር ይጓዛል።

የሰው ፅንስ ናሙና በቀላሉ ስለማይገኝ ተመራማሪዎች ለሰው ቅርብ የሆነ ሞዴል ይፈልጋሉ። በቶኪዮ በሚገኘው በኬዮ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሳይንቲስቶች ለዚህ ሥራ የመረጡት ማርሞሴት የተባለችውን የብራዚል ትንሽ ጦጣ ነው፤ የኮክሊያዋ የእድገት ሂደት ከአይጥ ይልቅ ለሰው ይቀርባልና።

ሥራቸው

የማክሮፌጆች ዋና ዋና ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው።

ማጽዳት፦ በእድገት ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ሴሎች ይፈጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በተወለዱ አይጦች ኮክሊያ ውስጥ ማክሮፌጆች ትርፍ የነርቭ ደጋፊ ሴሎችን እየዋጡ እንደሚያስወግዱ አሳይቷል።

የደም ሥሮችን መጠበቅ፦ ለኮክሊያ ኃይል በሚያቀርበው የደም ሥር ድር ዙሪያ ተጣብቀው የሚኖሩ ማክሮፌጆች አጥሩ እንዳይላላ ያግዛሉ።

ነርቭን ማትረፍ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ማክሮፌጆችን ወደ ጉዳት ቦታ የሚጠራው የኬሚካል ምልክት በጎደለባቸው አይጦች፣ ፀጉራም ሴሎች ከሞቱ በኋላ የሚሞቱት የነርቭ ሴሎች በዝተዋል።

ይሁን እንጂ ጥበቃው ሁልጊዜ ጥቅም ብቻ አይሰጥም። እብጠትና መቆጣት ከመጠን ሲያልፍ ጤናማውን ክፍልም ይጎዳል።

ካላ-አዛር፣ መድኃኒትና ጆሮ

ከሰሜን ጎንደር ደጋ ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። በግራር ሥርና ዋልካ አፈር በተሰነጠቀበት ማሳ አጠገብ ሲያድሩ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የካላ-አዛርን ጥገኛ ተሕዋስ ታስተላልፍባቸዋለች። ተሕዋሱ ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ ይባላል። ማክሮፌጅ ሊያጠፋው ሲውጠው በሆዱ ውስጥ ተመችቶት ይራባል፤ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔም ይጎዳሉ። ሳይታከም ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተቋቋመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላ-አዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ጎንደር ፓሮሞማይሲን የተባለው መድኃኒት በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ፓሮሞማይሲን ከሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ጋር ተቀናጅቶ ለ17 ቀናት እንዲሰጥ ለአካባቢው መከረ።

ይህ መድኃኒት ብዙ ሕይወት ያተርፋል። ግን አሚኖግሊኮሳይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው፤ ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲንና ጄንታማይሲንም የዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች በፀጉራም ሴሎች ጫፍ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ገብተው ሴሎቹን ሊገድሉ ይችላሉ። ማክሮፌጆች የሞቱትን ያነሳሉ፤ በምትካቸው ግን አዲስ ሊያበቅሉ አይችሉም። በዚህና በሌሎች ምክንያቶች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት ለተላመደ ሳንባ ነቀርሳ ካናማይሲን መስጠት እንዲቀር መክሯል። ለካላ-አዛርም ሚልቴፎሲን ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀናት የሚሰጥበት ሕክምና በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ይህ ሕክምና ፓሮሞማይሲንን ስለሚጨምር የመስማት ክትትል አሁንም ያስፈልጋል።

ማጅራት ገትር

ኢትዮጵያ ከሴኔጋል እስከ ምሥራቅ አፍሪካ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። በበሽታው ጊዜ ባክቴሪያው ከአንጎል ሽፋን ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ በኩል ወደ ኮክሊያ ሊሻገር ይችላል። የሚከተለው መቆጣት ፀጉራም ሴሎችን ያጠፋል፤ አንዳንዴም የኮክሊያው ባዶ ቦታ በአጥንት ይሞላል። ይህ ከሆነ ሰው ሠራሽ ኮክሊያ መትከል እንኳ አስቸጋሪ ይሆናል። በኤ ዓይነት ማጅራት ገትር ላይ የሚሰጠው ክትባት በኢትዮጵያ በዘመቻ መሰጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

የማይመለስ ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ1988 የታተሙ ጥናቶች የዶሮና የሌሎች ወፎች ፀጉራም ሴሎች ከሞቱ በኋላ እንደገና እንደሚበቅሉ አሳዩ። በግቢ የምትጫር ዶሮ መስማቷን በሳምንታት መልሳ ልታገኝ ትችላለች፤ የሰው ኮክሊያ ግን ከማኅፀን ይዞት የወጣውን ብቻ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ዋናው መንገድ መከላከል ነው። አሚኖግሊኮሳይድ የሚወስድ ሰው የጆሮ ጩኸት፣ የመስማት መቀነስ ወይም ማዞር ከተሰማው ሳይዘገይ ለሐኪሙ መናገር አለበት። በእናቱ ወገን በእንዲህ ያለ መድኃኒት መስማት ያቃተው ዘመድ ካለም ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መናገር ይገባዋል፤ ለጉዳቱ የሚያጋልጥ አንድ የዘር ለውጥ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋልና።