ሰፊ ጎማና ጠባብ ክፍተት

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከሚርመሰመሱት አነስተኛ መኪኖች መካከል ቶዮታ ቪትዝን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። የዚህችን መኪና ቀጫጭን ጎማዎች አውልቆ በሰፋፊ ጎማዎችና በሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች መተካት የብዙ ወጣቶች ምኞት ነው። ምኞቱ ሲፈጸም ግን ብዙ ጊዜ አንድ ድምፅ አብሮ ይመጣል፤ መሪው ሲጠመዘዝ ወይም መኪናዋ በጉብታ ላይ ስታልፍ ከፓራፋንጎው ሥር የሚሰማ የመፋተግ ድምፅ። ድምፁን በመዶሻ ዝም ለማሰኘት የሚሞክሩ፣ ማለትም የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ቀጥቅጠው የሚያጥፉ አሉ። ችግሩ ከመነሻው የጂኦሜትሪ ችግር ስለሆነ ግን ከመዶሻው በፊት እርሳስና ወረቀት ማንሣት ይሻላል። የሚያስፈልገውም ሂሳብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሚያውቀው አይበልጥም።

አስቀድመን የጎማውን ስም እናንብብ። በመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ፣ በአውሮፓ ገበያ ያሪስ በተባለችው መኪና ላይ ከሚገጠሙት ጎማዎች አንዱ 175/65 አር 14 ነው። 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ግን ሚሊ ሜትር ሳይሆን መቶኛ ነው፤ የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይገልጻል። 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ሲሆን፣ «አር» የሚለው ፊደል በጎማው ውስጥ ያሉት ክሮች የተዘረጉበትን ራዲያል የተባለ አሠራር ያመለክታል። በአንድ ጎማ ላይ ሚሊ ሜትር፣ መቶኛና ኢንች ተደባልቀው መጻፋቸው የፊዚክስ መምህርን የሚያስደስት ነገር አይደለም፤ ሆኖም ዓለም ተስማምቶበታል።

የጎማው ጎን ቁመት 113.75 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ስንደምረው 227.5፣ የቸርኬውን 355.6 ስንጨምርበት ደግሞ የጎማው ሙሉ ዲያሜትር 583 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አሁን ስፋቱን ብቻ ወደ 195 አሳድገን 195/65 አር 14 እንግጠም እንበል። መቶኛው ስላልተቀየረ ስፋቱ ሲጨምር ቁመቱም ይጨምራል፤ ዲያሜትሩ 609 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ጎማው ከጎን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ሁሉ 13 ሚሊ ሜትር ወደ ፓራፋንጎው ተጠግቷል። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን መሽከርከር ስለሆነ፣ በዚህ ለውጥ ብቻ ቀድሞ በትክክል 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያሳይ የነበረ መለኪያ አሁንም 80 ሲያሳይ መኪናዋ በእርግጥ 83.6 ትሄዳለች።

ይህን ለማስቀረት ስፋቱ ሲጨምር መቶኛው መቀነስ አለበት። 195/50 አር 15 ብንመርጥ የጎኑ ቁመት 97.5፣ ሙሉ ዲያሜትሩም 576 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከፊተኛው የሚለየው በ7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሁለቱም የተለመደው የጭነት ቁጥር 82 ሲሆን፣ ይህም አንዱ ጎማ እስከ 475 ኪሎ ግራም እንዲሸከም የተፈቀደ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ በዚህ በኩል የጎደለ ነገር የለም፤ የጎማው ጎን በ16 ሚሊ ሜትር ማጠሩ ግን ጉድጓድ ሲያጋጥም የቸርኬው ከንፈር ከአስፋልቱ ጋር የሚጋጭበትን ዕድል እንደሚጨምር መታወቅ አለበት።

ዲያሜትሩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ተጨማሪዎቹ 20 ሚሊ ሜትሮች ወዴት ይሂዱ የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን የሚወስነው ኦፍሴት የተባለው ልክ ሲሆን፣ እርሱም ቸርኬው በመኪናው ላይ ተደግፎ ከሚታሰርበት ፊት አንሥቶ እስከ ቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት ነው። በቸርኬው ላይ «ኢ ቲ» ከሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይገኛል። ኦፍሴቱ 45 ከሆነ የጎማው መሃል ከማሰሪያው ፊት 45 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ባለ 175ቱ ጎማ ከማሰሪያው ፊት ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የስፋቱ ግማሽና ኦፍሴቱ ተደምረው 132.5 ሲሆን፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ደግሞ ግማሹ ሲቀነስ ኦፍሴቱ፣ 42.5 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 195ቱን በዚያው ኦፍሴት ብንገጥም በሁለቱም ወገን አሥር አሥር ሚሊ ሜትር ይጨመራል። ኦፍሴቱን ወደ 35 ብናወርደው ግን የውስጡ ልክ ተመልሶ 132.5 ይሆንና 20ውም ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። በውስጥ በኩል ሞላው፣ አሞርዛተሩና የፍሬን ቱቦው አሉ፤ በውጭ በኩል ያለው የፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ሻጩ «ይህ ቸርኬ በቪትዝ ላይ ይገባል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ አራቱ ቡሎኖች ቀዳዳ ነው፤ ኦፍሴቱን መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው።

መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትቆም ክፍተት መኖሩ ስትዞር ለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። የፊት ጎማን ከላይ ስንመለከተው አራት ማዕዘን ቅርጽ አለው፤ መሪው ሲጠመዘዝ ከሁሉ ርቆ የሚሄደው ጥጉ ነው። ነገሩን ለማቅለል የመዞሪያው ዘንግ በፋብሪካው ጎማ መሃል ያልፋል እንበል። ከዘንጉ እስከ ጥጉ ያለው ርቀት በፓይታጎረስ ቴረም ይገኛል፤ አንዱ ጎን የጎማው ሬዲየስ፣ ሌላው የስፋቱ ግማሽ ነው። ለፋብሪካው ጎማ 304.4 ሚሊ ሜትር፣ ለባለ 195/50ው በኦፍሴት 45 ደግሞ 304.1 እናገኛለን። ሰፊው ጎማ ሲዞር የሚያስፈልገው ክብ ከጠባቡ አልበለጠም! በኦፍሴት 35 ግን ጎማው በሙሉ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ስለተገፋ ርቀቱ 307.4 ይሆናል። ከሥር 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ገብቶ ቢሆን ኖሮ 313 ይደርስ ነበር።

ከዚሁ ጎነ ሦስት አንድ ተጨማሪ ነገር እናገኛለን። ጥጉ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ፊት የሚያመለክተው ጎማው ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ሲዞር እንጂ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ አይደለም። ስለዚህ መሪውን ዳር አድርሰው ምንም አልነካም የሚሉ ሰዎች አንዱን አደገኛ ቦታ ሳያዩ አልፈውታል።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ የላይና የታች ነው። አራት ሰዎች ቀስ ብለው ሲገቡ ሞላው 30 ሚሊ ሜትር ቢታመቅ፣ ያው ክብደት በድንገት ቢያርፍበት ስንት ይታመቃል? ክብደቱ ሲወርድ የሠራው ሥራ በሞላው ውስጥ ከተጠራቀመው ኃይል ጋር እኩል ሲሆን እንቅስቃሴው ለአፍታ ይቆማል፤ ክብደት ሲባዛ በርቀት፣ የሞላው ቋሚ ቁጥር ሲባዛ በርቀት ስኩዌር ሲካፈል ለ2 ይሆናል። መልሱ 60 ሚሊ ሜትር፣ ልክ እጥፍ ነው። አሞርዛተሩ ይህን ይቀንሰዋል፤ በሙሉ ፍጥነት የሚመታ ጉብታ ደግሞ ይጨምረዋል። እንግዲህ በጋራዥ ውስጥ ባዶ መኪና ላይ የታየ የሁለት ጣት ክፍተት ብዙ ሊያጽናናን አይገባም።

ቢነካስ ምን ይሆናል? መኪናዋ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የጎማው ፊት በፓራፋንጎው አጠገብ በሴኮንድ 22 ሜትር ያልፋል። የሰበቃው ጉልበት 50 ኒውተን፣ ማለትም የአምስት ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የሚመነጨው ሙቀት ወደ 1100 ዋት ይጠጋል። የአንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀት በጣት ስፋት ባለው የጎማው ቀበቶ ላይ ተከማችቷል ማለት ነው። የጎማው ጎን እንደ ጥርሱ ወፍራም አይደለም፤ ላስቲኩ ተበልቶ ክሮቹ ከተቆረጡ ጎማው ይፈነዳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ መኪናዋ በአዲስ አበባ ባዶዋን ስትንሸራሸር ሳይሆን፣ ሰውና ዕቃ ጭና ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ ስትወርድ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ትርፍ ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሰፊ ጎማ መሬቱን በሰፊው ይጨብጣል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። መኪናዋ ከነሰዎቿ 1000 ኪሎ ግራም ብትመዝን፣ በአንዱ ጎማ ላይ 2450 ኒውተን ያህል ያርፋል። የጎማው ግፊት 220 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ጎሚስታው 32 የሚለው ከሆነ፣ መሬት የሚነካው ስፋት በግምት 111 ሴንቲ ሜትር ስኩዌር ነው። ግፊቱ እስካልተቀነሰ ድረስ ሰፊው ጎማም ከዚህ እምብዛም አይበልጥም፤ የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ ወደ ጎን ይሰፋና ወደ ፊት ያጥራል። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ያቀረበው ሕግ ሰበቃ በመነካኪያው ስፋት አይወሰንም ይላል። ላስቲክ ይህን ሕግ በትክክል አያከብርም፤ ሰፊና አጭሩ ቅርጽም ከአጭሩ የጎማ ጎን ጋር ሆኖ በመታጠፊያ ላይ ለመሪው የፈጠነ ምላሽ ይሰጣል። በክረምት ግን ሰፊው ጎማ ከፊቱ ብዙ ውኃ መግፋት ስላለበት፣ በውኃ ላይ ለመንሳፈፍ ይቀድማል። በእኛ አስተያየት በከተማ ፍጥነት ለምትነዳ ቪትዝ ትርፉ ከመልኳ ብዙ አያልፍም፤ መልክም ቢሆን የሚናቅ ነገር ባይሆንም።

የቆረጠ ሰው ግን 195/50 አር 15ን በኦፍሴት 45፣ ያለ ስፔሰር ቢሞክር እንመርጣለን። የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ ከቪትዝ 54.1 ሚሊ ሜትር የሰፋ ከሆነ ክፍተቱን በቀለበት መሙላት ያስፈልጋል። ከዚያም የፓራፋንጎውን የውስጥ ፊትና የሞላውን ዙሪያ በጠመኔ ቀብቶ፣ አራት ሰዎችና ዕቃ ጭኖ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ ማዞር፣ ቀጥሎም በአንድ ጉብታ ላይ በሰያፍ መውጣትና መውረድ ነው። በውስጥ በኩል ሞላው አጠገብ ጠመኔው ከተጠረገ ቸርኬው ይመለስ፤ በዚያ በኩል መዶሻ አይረዳም። የተጠረገው በውጭ፣ በፓራፋንጎው የፕላስቲክ ሽፋን ላይ ብቻ ከሆነ ግን የሽፋኑን ማሰሪያ ማጥበቅ የሚበቃበት ጊዜ አለ።