ከአንጎል ዕጢ የዳነ ልጅ ወደ ቆቦ ሲመለስ

በቆቦና በራያ ቆላ ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ወንጭፋቸውን ይዘው ከማማ ላይ ወፍ እንደሚጠብቁ አንባቢ ያውቃል። ከነዚህ ልጆች አንዱ ጧት ጧት ራሱን እያመመው ቢያስመልሰው፥ ሲሄድም ቢንገዳገድ፥ በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ በቅሎ ሊሆን ይችላልና ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ግን ሕክምናው ከተፈጸመ በኋላ ስላለው ረዥም ዘመን ነው።

ከነዚህ ዕጢዎች ክፉ የሆነውን አንዱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. ሜዱሎብላስቶማ ብለው የሰየሙት ኩሺንግና ቤይሊ የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች ናቸው። በዚያን ጊዜ የሚድን ልጅ እጅግ ጥቂት ነበረ። በ1953 ዓ.ም. ግን በማንቸስተር ከተማ ፓተርሰንና ፋር የተባሉ ሐኪሞች አንጎልንና አከርካሪን በሙሉ በጨረር ማከም የብዙዎችን ዕድሜ እንደሚያራዝም ገለጡ። ዛሬ ቀዶ ሕክምናው፥ ጨረሩና መድኃኒቱ በተሟሉበት አገር አብዛኞቹ ልጆች ይተርፋሉ። በእኛ አገር የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበረ፥ የቆቦ ሰው በወልድያና በደሴ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር።

ልጁ ድኖ ሲገባ ቤተ ዘመድ እልል ይላል፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን ዕጢውን ያጠፋው ጨረር በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ሳይነካው አያልፍም። ቀድሞ ፈጥኖ ይመልስ የነበረው ተማሪ ከዓመታት በኋላ ነገር ለመያዝ ይዘገያል። ይህን ልጅ ሰነፍ ነህ ብሎ መምታት ትልቅ በደል ነው! መምህሩ ከፊት አስቀምጦ ጊዜ ጨምሮ ይስጠው። ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ጆሮን ስለሚጎዳ፥ እንደ ወፍ ጩኸት ያለው ቀጭን ድምፅ ያመልጠዋል፤ ሲጠሩት ዝም ቢል ንቀት አይምሰላችሁ። ሚዛኑም ያልጸና እንደ ሆነ ከማማ ላይ አይውጣ።

ቁመቱ ከታናሹ ቢያንስ፥ ድካምና ብርድ ቢበዛበት፥ አካልን የሚያሳድጉት ሆርሞኖች ጐድለው ይሆናል። የአንገት ዕጢው መድከሙ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒንም ይረዳል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጨረሩ ባረፈበት ስፍራ ሌላ ዕጢ ሊወጣ ስለሚችል፥ ጎልማሳ ሆኖ ጤነኛ ቢመስልም ምርመራውን አይተው።

እናቶች ሆይ፥ ከሆስፒታል ስትወጡ የጨረሩ መጠንና የመድኃኒቶቹ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቃችሁ ተቀበሉ። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በነበረው ጦርነት ብዙ የጤና ተቋሞች ተዘርፈዋልና በሐኪም ቤቱ መዝገብ ብቻ አትታመኑ። አንዱን ቅጂ በሣጥናችሁ፥ ሁለተኛውን በሌላ ዘመድ ቤት አኑሩ። ልጁ አድጎ ትዳር ሲይዝ ወረቀቱን ለራሱ አስረክቡት።