ከግሉተን የነጻ ገበታ፦ ለሴሊያክ ሕሙማን የሚፈቀደውን ምግብ ስለ መምረጥ

ሴሊያክ በሽታ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው የእህል ዘር ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተሰኘ የፕሮቲን ስብስብ ወደ ሆድ በገባ ቁጥር የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን ቀጭን አንጀት የሚያጠቃበት፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሕመም ነው። ግሉተን የስንዴ ሊጥ ሲለወስ እንዲለጠጥ፣ ዳቦውም አየር ይዞ እንዲነፋ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ሲሆን ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ግን ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሕመማቸውን ስም ሳያውቁ ይኖራሉ። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ስላልተገኘ ያለው ሕክምና ግሉተንን ከገበታ ጨርሶ ማስወገድ ብቻ ነው። በመሆኑም ለዚህ ታማሚ የምግብ ምርጫ ሕክምናው ራሱ ነው፤ ምርጫውም በእህሉ ስም ብቻ ሳይወሰን እህሉ ከአውድማ እስከ ምጣድ ያለፈበትን መንገድ ሁሉ መመርመር ይኖርበታል።

የቀጭኑ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ቪላይ በሚባሉ፣ በዓይን ለይቶ ለማየት በሚያዳግቱ ጣት መሰል ቅጥያዎች የተሸፈነ ሲሆን፣ ከምግብ የሚገኘው ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚንና ሌላውም ንጥረ ነገር ወደ ደም የሚሻገረው በእነርሱ በኩል ነው። ግሉተን በሆድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ ከፊሉ ወደ አንጀት ግድግዳ ዘልቆ ይገባል፤ እዚያም ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም ቅርጹን ይለውጠዋል። በዘር የተወረሰ ተጋላጭነት ባለበት ሰው ላይ የመከላከያ ሕዋሳት ይህን የተለወጠ ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥረው ይነሡበታል፤ በውጊያውም ቪላዮቹ እየከሰሙ ግድግዳው ለጥ ያለ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ታማሚው ጠግቦ እየበላ እንኳ በንጥረ ምግብ ይራባል። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋትና ክብደት መቀነስ የታወቁት ምልክቶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሆዱን ፈጽሞ ሳያመው በማይሻር የደም ማነስ፣ በአጥንት መሳሳት ወይም በሚያሳክክ የቆዳ ሽፍታ ብቻ የሚታወቅ ታማሚ አለ፤ ሕፃናት ላይ ደግሞ የዕድገት መገታት ዋና ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ የስንዴ መሆኑ እስኪታወቅ ረጅም ዘመን ወስዷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የሕመሙን ምልክቶች በዝርዝር ጽፎ ፈውሱ ከአመጋገብ መፈለግ እንዳለበት ቢያመለክትም የትኛው ምግብ ጎጂ እንደሆነ አልለየም። በኒውዮርክ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ሲድኒ ሃስ በ1924 ዳቦንና ሌላውንም የእህል ምግብ ከልክሎ ሙዝን ያበዛ አመጋገብ አስተዋወቀ፤ ብዙ ሕፃናትም ዳኑበት። ሃስ ግን ለውጡን ያመጣው የስንዴው መቅረት መሆኑን አልተረዳም ነበር። ምስጢሩን የፈታው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ነው። ዲከ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ስንዴን ከሕሙማን ሕፃናት ምግብ እያወጣ ውጤቱን ሲከታተል ቆይቶ፣ በ1944ና በ1945 መካከል ሆላንድን የመታው የክረምት ረኃብ ዳቦን ከገበታ ባጠፋ ጊዜ እምነቱ ጸና፤ በ1950ም ለዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስንዴና ራይ ሕመሙን እንደሚቀሰቅሱ አስረዳ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት አመጋገብ የቆመው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

ሰው ሠራሽ ቅመምና ውድ የፋብሪካ ምርት ሳያስፈልግ የሚፈቀደው የምግብ ዓይነት ብዙ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። ከእህል ወገን ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሩዝ፣ ከጥራጥሬ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ፣ ከቅባት እህል ኑግ፣ ሰሊጥና ተልባ፣ ከሥራ ሥር ደግሞ ድንችና ስኳር ድንች ይፈቀዳሉ፤ ከእንሰት የሚገኙት ቆጮና ቡላም እንደዚሁ። ጤፍ ነጭም ይሁን ቀይ ወይም ሰርገኛ ግሉተን የለውም፤ በሆላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች የጤፍ ፕሮቲኖችን ከሴሊያክ ሕሙማን በተወሰዱ የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ሞክረው ሕዋሳቱን እንዳልቀሰቀሱ በ2005 አሳትመዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ገበታ ለዚህ ሕመምተኛ ከብዙ አገሮች ገበታ ይልቅ የተመቸ ነው ማለት ይቻላል፤ የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ክትፎ፣ ዶሮ ወጥና የንጹሕ ጤፍ እንጀራ ያለ ምንም ለውጥ የሚበሉ ናቸው።

የሚከለከሉት ምግቦች ከፊሎቹ ግልጽ፣ ከፊሎቹ የተሸሸጉ ናቸው። ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ቦምቦሊኖና የሳምቡሳ ቂጣ ከስንዴ መሠራታቸውን ሁሉም ያውቃል። በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ገንፎና የገብስ ቆሎ ግን ዳቦ ስላልሆኑ ብቻ ሳይጠረጠሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ቂንጬ ከስንዴም ከገብስም ስለሚሰነጠቅ የተከለከለ ነው። ከመጠጥ በኩል ቢራ፣ አልኮል የሌላቸው የብቅል መጠጦች፣ ቀሪቦና በገብስ ወይም በስንዴ ብቅል የሚጠመቀው ጠላ ግሉተን አለባቸው፤ ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ ብቻ የሚጣለው ጠጅ ግን የለበትም። በአጃ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚህ ስም በአንዳንድ አካባቢ የስንዴ ዘመድ የሆነው እህል፣ በሱቅ ደግሞ ለአጥሚት የሚሆነው ሌላ እህል ይሸጣል። የመጀመሪያው ፈጽሞ የተከለከለ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከስንዴ ጋር አለመነካካቱ ከተረጋገጠ አብዛኛው ታማሚ ይችለዋል፤ ሆኖም በሐኪም ክትትል ቢጀመር ይመረጣል። ለጨቅላ ሕፃናት የሚዘጋጀው ምጥን ዱቄትም ገብስና ስንዴ ስለሚገባበት፣ ሕመሙ ለተገኘበት ሕፃን ከጤፍ፣ ከበቆሎ፣ ከሩዝና ከሽምብራ በአዲስ መልክ ሊመጠን ይገባል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ መጠኑ ራሱ ያስረዳል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን ኮዴክስ አንድ ምግብ ከግሉተን ነጻ ተብሎ እንዲሸጥ በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን እንዳይኖረው በ2008 ወስኗል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2013 ተመሳሳይ ወሰን አውጥቷል። በቀን ከ10 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ግሉተን ለአብዛኛው ታማሚ ጉዳት እንደማያመጣ፣ 50 ሚሊ ግራም በየቀኑ ሲወሰድ ግን አንጀትን ሊጎዳ እንደሚችል ጥናት አሳይቷል። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ሁለት ግራም ገደማ፣ ማለትም 2,000 ሚሊ ግራም ግሉተን ሊይዝ ስለሚችል፣ የዚያ ቁራጭ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የቀኑን ልክ ያልፋል ማለት ነው። ግሉተን በመጋገርም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም፤ በተለመደው የሊጥ መቡካትም ከአደጋ ውጭ እስኪሆን ድረስ አይፈርስም።

የጤፍ እንጀራን ጉዞ መከተል የዚህን ሁሉ ትርጉም በቅርብ ያሳያል። ጤፍ ስንዴ ወይም ገብስ በተወቃበት አውድማ ላይ ሲወቃ፣ በነዚሁ እህሎች ከረጢትም ሲጫን ባዕድ ፍሬ ሊቀላቀለው ይችላል፤ የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ግን በጥንቃቄ ሲነፋና ሲበጠር ትልልቆቹን የስንዴና የገብስ ፍሬዎች መለየት አያስቸግርም። ትልቁ ፈተና ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ስንዴ ተፈጭቶ እንዳበቃ ጤፍ ሲገባ በድንጋዩና በማውረጃው ውስጥ የቀረው የስንዴ ዱቄት ከመጀመሪያው የጤፍ ዱቄት ጋር ይወርዳል፤ ሽሮና በርበሬም በዚሁ መንገድ ሊበከሉ ይችላሉ። ከወፍጮ ቤት ወደ ቤት ሲመጣ ደግሞ ወንፊቱ፣ ቡሃቃውና እርሾው ይከተላሉ፤ ገብስ ከተቀላቀለበት ቡሆ የተቀመጠ እርሾ ንጹሑን የጤፍ ሊጥ ግሉተን ያለበት ያደርገዋል። በመጨረሻም አምባሻ የተጋገረበት ምጣድና እርሱን የጠረገ ማሰሻ አለ። ስለዚህ ታማሚ ላለበት ቤት ለጤፍ ብቻ የተለየ የእጅ ወይም የኤሌክትሪክ ወፍጮ ማግኘት ካልተቻለ፣ ወፍጮው ንጹሕ ጤፍ ወይም በቆሎ ሲፈጭ ከቆየ በኋላ ተራ መያዝ፣ ወንፊትን፣ ቡሃቃን፣ እርሾንና ማሰሻን መለየት፣ ምጣዱንም ቢቻል ለብቻው ማድረግ ይገባል።

ከኢትዮጵያ ውጭ ባሉ የሐበሻ መደብሮች ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ጤፍ ውድ በመሆኑና እንደ ልብ ባለመገኘቱ እንጀራን ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ መጋገር የተለመደ ነው። በምግብ ቤት እንጀራ ጤፍ ነው ተብሎ ቢቀርብ እንኳ መቶ በመቶ ጤፍ መሆኑን፣ በየትኛው እርሾ እንደ ተቦካና ሌላ ምን እንደ ተጋገረበት ጠይቆ መረዳት የታማሚው መብት ነው። በማሸጊያ በሚሸጡ ምግቦችም ላይ የንጥረ ነገሩን ዝርዝር ማንበብ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ራይና ብቅል የሚሉትን ቃላት መፈለግ የዘወትር ልማድ ሊሆን ይገባል።

ጥንቃቄው በተጠበቀ ቤት ውስጥ አንጀት ይድናል፤ ፈውሱ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የሆድ ምልክቶች ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይቀላሉ፤ ቪላዮቹ ተመልሰው እስኪቆሙ ግን ወራት፣ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተጎዳው አንጀት ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም አሳንሶ ስለሚያመነጭ፣ ትኩስ ወተት የሚነፋው ታማሚ ለጊዜው እርጎን ቢመርጥ ይሻለዋል። የብረት፣ የፎሊክ አሲድ፣ የቫይታሚን ዲና የካልሲየም እጥረት በምርመራ ተለይቶ መታከም አለበት፤ ጤፍ፣ ምስርና ጎመን የብረት ምንጭ በመሆናቸው ገበታውን በነጭ ሩዝና በድንች ብቻ ከመሙላት ይልቅ እነርሱን ማዘውተር ይመረጣል።

የከበደው ሥራ ምናልባት ከሰው ጋር መብላቱ ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ በሚበላበት ባህል፣ ዳቦ በሚቆረስበት በዓልና ጉርሻ በሚሰጥበት ግብዣ ላይ አልበላም ማለት እንደ ንቀት ወይም እንደ ኩራት ይቆጠራል። ቤተ ዘመድ የታማሚውን ድርሻ ቀድሞ ለብቻው ቢያቀርብ፣ ዳቦ የነካ እጅ ወደ እርሱ ሳህን እንዳይገባ ቢጠነቀቅ፣ ክብሩንም ጤናውንም ይጠብቃል። የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት ከስንዴ የሚዘጋጅ በመሆኑም ምእመኑ ጉዳዩን በግሉ ከመወሰን ይልቅ ለንስሐ አባቱ ገልጾ መመካከር ይኖርበታል።

በመጨረሻ ሊዘነጋ የማይገባው ዋና ነገር የምርመራውና የአመጋገብ ለውጡ ቅደም ተከተል ነው። ምርመራው በደም ውስጥ የሚገኙትን ፀረ እንግዳ አካላት በመለካት ይጀምርና፣ በተለይ በአዋቂዎች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ ከቀጭኑ አንጀት በሚወሰድ ናሙና ይረጋገጣል፤ ሁለቱም የሚታመኑት ታማሚው ግሉተን እየበላ ሳለ ከተደረጉ ብቻ ነው። ዳቦውን በራሱ ፈቃድ ትቶ ከወራት በኋላ የሚመረመር ሰው ሕመሙ እያለበት የለም የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የማያባራ ተቅማጥ፣ መንስኤው ያልታወቀ የደም ማነስ ወይም ዕድገቱ የቀዘቀዘ ልጅ ያለበት ቤተሰብ አስቀድሞ ይመርመር፤ ሕመሙ ከተረጋገጠም በኋላ ወላጆች፣ ልጆችና ወንድም እህቶች ተጋላጭነታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ እነርሱም ይመርመሩ። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ነገር ጤፉን ከገብሱ፣ ወንፊቱን ከወንፊቱ፣ እርሾውን ከእርሾው ለይቶ መኖር ነው፤ ይህም በየትኛውም ቤት ሊሠራ የሚችል ሕክምና ነው።