መፃጉዕ የተፈወሰባት መጠመቂያ

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የሚታሰበው መፃጉዕ የተፈወሰባት መጠመቂያ የምትገኘው በኢየሩሳሌም፥ በአንበሶች በር ጥቂት እንደ ተገባ፥ በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ ትባላለች፤ በሌሎች ቅጂዎች ቤተ ስዳ የተባለው ስሟ የምሕረት ቤት ማለት ነው። የእነ ጴጥሮስ አገር ከሆነችው ከገሊላዋ ቤተ ሳይዳ ግን የተለየች ናት።

ወንጌላዊው ዮሐንስ መጠመቂያይቱ አምስት መመላለሻ እንደ ነበራት ጽፎአል። አራት ወገን ያለው ኵሬ አምስት መመላለሻ እንዴት ይኖረዋል በማለት፥ ቍጥሩ የአምስቱ ብሔረ ኦሪት ምሳሌ ብቻ ነው የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተደረገው ቍፋሮ ግን ሁለት ታላላቅ ኵሬዎችንና በመካከላቸው የሚያልፍ ወፍራም ግንብ ገለጠ። እንግዲህ አራቱ መመላለሻዎች በዙሪያ፥ አምስተኛው በመካከለኛው ግንብ ላይ ቢሆኑ፥ የወንጌሉ ቃልና ቦታው ይስማማሉ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ዘመናት በሥፍራው ላይ ተደራርበዋል። በሮማውያን ዘመን አሕዛብ ከጣዖቶቻቸው ፈውስ ይለምኑበት ነበር፤ ጶምጵያ ሉኪልያ የተባለች ሴት ለስእለት ያቀረበችውና በ1866 የተገኘው የእብነ በረድ እግር ለዚህ ምስክር ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት ክርስቲያኖች በግንቡ ላይ ቤተ ክርስቲያን አነጹ፤ ኵሬው ጥልቅ ስለ ሆነ ሕንጻውን የሚሸከሙ ረጃጅም ቅስቶች አቆሙ። ያም ከፈረሰ በኋላ፥ በ12ኛው መቶ ዓመት መስቀላውያን በፍርስራሹ ላይ ትንሽ ጸሎት ቤት፥ በአጠገቡም ዛሬ የሚታየውን የቅድስት ሐናን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ሳላሐዲን በ1192 ይህን ቤተ ክርስቲያን የእስልምና ሕግ መማሪያ አደረገው፤ የዐረብኛው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ከበሩ በላይ ይነበባል። በ1856 የቱርክ ሱልጣን ለፈረንሳይ መንግሥት ሰጠው። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ተሳላሚው በመጀመሪያ ዓይኑን የሚስቡትን ረጃጅም ቅስቶች አምስቱ መመላለሻዎች ናቸው ብሎ እንዳይሳሳት ይገባል፤ እነርሱ ከጌታችን ዘመን በኋላ አራት መቶ ዓመት ያህል ቆይተው የተሠሩ ናቸውና። 38 ዓመት የታመመው ሰው የተነሣበትን ዘመን የሚሻ ሁሉ ወደ ታች፥ ወደ ተፈለፈለው ዐለትና ወደ ኵሬው ደረጃዎች ይመልከት። ምእመናንን የሚመራ ካህንም የእያንዳንዱን ዘመን ሥራ ለይቶ ቢያስረዳ፥ የሚሰሙት ስለ ድንጋዩም ስለ ወንጌሉም እውነቱን ይዘው ይመለሳሉ።